ሰበቃ ሲጠፋ፦ አትላንታን ያቆማት ስስ በረዶ

ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014) በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ በአትላንታ የወረደው በረዶ ጥልቀቱ 7 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ሆኖም ከተማዋን የሚከብበው 285 ቁጥር አውራ ጎዳናና ወደ መሐሏ የሚያስገቡት 75 እና 85 ቁጥር መንገዶች በቆሙ መኪናዎች ታጨቁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው አደሩ፤ በአውቶቡስ ውስጥ ሌሊቱን ያሳለፉም ነበሩ። መኪናውን መንገድ ዳር ትቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ያመራው ሰውም ብዙ ነው።

ለዚህ ሁሉ የአስተዳደሩ ዝግጅት ማነስ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር። መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ቀትር ላይ በአንድ ጊዜ ሰው በመልቀቃቸው፣ ጨው የሚበትኑት መኪናዎች ራሳቸው በመጨናነቁ ታግተው ቀሩ። ይሁን እንጂ አንድ ኃይለኛ ሞተር ያለው መኪና በስስ በረዶ ላይ ለምን አቅም እንደሚያጣ የሚያስረዳው ፊዚክስ ነው።

መኪናን ወደ ፊት የሚገፋው ሞተሩ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ሞተሩ ጎማውን ከማዞር አያልፍም። ጎማው መንገዱን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ መንገዱ ደግሞ በእኩል ኃይል ጎማውን ወደ ፊት ይገፋል። ይህ አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ነው። ጎማና መንገድ እንዲህ የሚገፋፉት በመካከላቸው ሰበቃ ሲኖር ብቻ ነው። ሰበቃ ከሌለ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል እንጂ መኪናው ፈቀቅ አይልም።

አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም ሆነ በመንገድ ላይ የሚረጋውን «በረዶ» ይለዋል፤ ለአሽከርካሪ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። በዚያ ቀን አዲስ የወረደው በረዶ በጎማ ተረግጦ ቀለጠ፤ ተመልሶም እንደ መስተዋት ረጋ። የረጋ በረዶ የሚያዳልጠው ፊቱን እጅግ ስስ የሆነ፣ ውሃ መሰል ሽፋን ስለሚለብስ ነው፤ ማይክል ፋራዳይ ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1850 እ.ኤ.አ. ነበር። ለብዙ ዘመን በትምህርት ቤት የተነገረው «ክብደት ተጭኖ ያቀልጠዋል» የሚለው ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም።

በደረቅ አስፋልት ላይ ሰበቃ የመኪናውን ክብደት 70 በመቶ ያህል ሊደርስ ይችላል። በረጋ በረዶ ላይ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ መንገድ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ሲቆም፣ በበረዶ ላይ 100 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ፍጥነቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ ግን 16 ሜትር ይበቃዋል፤ የመቆሚያው ርቀት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ፍጥነትን በእጥፍ መጨመር ርቀቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል።

«ከባድ መኪና አይንሸራተትም» የሚለው እምነት በሰፊው አለ። ክብደት ሲጨምር ሰበቃ በእርግጥ ይጨምራል፤ ነገር ግን መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራልና ትርፉ ይጣፋል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪናም ለመነሣት እንጂ ለመቆም ብልጫ የለውም።

አትላንታ ኮረብታማ መሆኗ ችግሩን አባባሰው። በየ100 ሜትሩ ከ10 ሜትር በላይ በሚወርድ ተዳፋት ላይ፣ በእንዲህ ያለ በረዶ የቆመ መኪና ፍሬን ተይዞም ቢሆን ቁልቁል ሊንሸራተት ይችላል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የኒውተን የመጀመሪያው ሕግ ይገለጣል፦ ከጎን የሚገፋው ሰበቃ ካነሰ፣ መሪው ቢዞርም መኪናው በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በክረምት መግቢያ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ የነዳ ሰው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከአቧራና ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ይህንኑ በመጠኑ አይቶታል።

ጎማ ያለው የሰበቃ በጀት አንድ ነው፤ ፍሬንና መሪ ይሻሙበታል። በበረዶ ላይ መጀመሪያ ፍጥነት ቀንሶ ኋላ መታጠፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ጨው ውሃ የሚረጋበትን ሙቀት ዝቅ በማድረግ በረዶውን ያቀልጣል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ጉልበቱ እጅግ ይዳከማል። ያን ጊዜ የሚበተነው አሸዋ ነው፤ አሸዋ አያቀልጥም፣ ለጎማው የሚይዘው ሻካራ ነገር ይሰጠዋል።