ምስክር መቁጠርና ምስክር መመዘን፦ ከአሊዩ አምባ ገበያ



ስለ ታሪክ አጠናን ዘዴ እንድናገር ስጋበዝ፣ ከትርጓሜ ይልቅ የራሴን ስሕተት ማቅረብ መረጥሁ።

በተማሪነቴ ዘመን ስለ አሊዩ አምባ ገበያ ጽፌ ነበር። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች መዳረሻ ነበረች፤ ገበያዋም ዓርብ ይቆም ነበር። በ1841 የብሪታንያን መልእክተኞች መርቶ ሸዋ የገባው ካፒቴን ሃሪስና በተከታዩ ዓመት የደረሰው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ሁለቱም ስለ ስፍራው ጽፈዋል። መጻሕፍታቸው የታተሙት በ1844 ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ይህን ሳይገልጹ መጻፍ የብዙ ተማሪ በሽታ ነው።)

እኔም ሁለቱ በተስማሙበት ሁሉ «ተረጋግጧል» እያልሁ አለፍሁ። ምስክሮቹን ቈጠርሁ እንጂ አልመዘንኋቸውም። ሃሪስ ከንጉሡ ጋር ውል የተዋዋለ የመንግሥት መልእክተኛ ነው። ጆንስተን ግን ያለ ሹመት የመጣ፣ በወባ እየተሠቃየ በዚያችው ከተማ በነጋዴዎች መካከል የተቀመጠ ሰው ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ማን የት ሆኖ እንዳየ ይገለጣል። ሲስማሙ ደግሞ ወሬውን ከአንድ አፍ ሰምተው እንዳይሆን መጠየቅ ነበረብኝ።

ወደ ስፍራው ስወርድ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሽማግሌዎቹ ስለ አሞሌው፣ ስለ ግመሉና ስለ ቡናው አጫወቱኝ። በአቅራቢያው በአብዱል ረሱል ስለነበረው የባሪያ ገበያ ስጠይቅ ግን ጨዋታው ተቋረጠ። በረቂቄ ላይ «ነዋሪዎቹ ይህን ረስተውታል» ብዬ ጻፍሁ። አማካሪዬ ዐረፍተ ነገሩን በቀይ ሰርዘው «መርሳትና ዝም ማለት አንድ ነውን?» የሚል ጥያቄ ጻፉበት።

ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ደብተሬን እንድዘጋ ካደረጉኝ በኋላ «ልጄ፣ የሻጩም የተሸጠውም ልጅ እዚሁ አለ፤ ተጋብተናል። ስም ከጻፍህ ነገ ሠርግ ይፈርሳል» አሉኝ።

ስም አልጻፍሁም። የገበያውን መኖር በጽሑፍ ምንጮች አስረዳሁ፤ ዝምታውንም እንደ ዝምታ፣ ከነምክንያቱ መዘገብሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ ግምገማ ላይ ከፈታኞቹ አንዱ «ስሙ የማይጠራ ምስክር ምስክር አይደለም» ሲሉ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ቀላል አልነበረም፤ አንባቢ የእኔን ቃል ብቻ እንዲያምን አስገድጄዋለሁና። የሰጠሁት መልስ ቃለ መጠይቁ የተደረገበትን ቀን፣ የተናጋሪዋን የዕድሜ ግምትና ወሬውን ከማን እንደሰሙ በግርጌ ማስታወሻ ማስፈር ነበር። ፈታኙ አልረኩም፤ ማስታወሻው ግን እንደ ተጻፈ ቀረ።