አስገዳጅ ያልሆኑ ዓለም አቀፍ የአካባቢ ሰነዶች የት ይፈለጋሉ?

ድርቅንና ሰፈራን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ሕግ ለማጥናት የሚነሣ ባለሙያ አስቀድሞ የሚገልጠው የስምምነቶችን ጥራዝ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 102 መሠረት አባል መንግሥታት የሚገቡት ውል ተመዝግቦ ስለሚታተም ፍለጋው እምብዛም አያደክምም። የሕግ ሰዎች «ለስላሳ ሕግ» የሚሏቸው መግለጫዎች፣ የድርጊት መርሐ ግብሮችና የመመሪያ መርሆዎች ግን በዚያ ጥራዝ አይገኙም፤ በየጉባኤው ሪፖርትና በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔዎች ውስጥ ተበታትነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 በናይሮቢ የተካሄደው የበረሃማነት ጉባኤ 28 የውሳኔ ሐሳቦች የያዘ የድርጊት መርሐ ግብር አውጥቶ ነበር። ጽሑፉን የሚሻ የጉባኤውን ሪፖርት፣ መንግሥታት እንዴት እንደተቀበሉት ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ የጠቅላላ ጉባኤውን ውሳኔ ቁጥር 32/172 ይመልከት። መርሐ ግብሩ ማንንም አላሰረም፤ የታሰበለትም ገንዘብ አልተገኘለትም። ይህም ሆኖ ጉዳዩ በ1992 በአጀንዳ 21 ምዕራፍ 12፣ በ1994 ደግሞ በአሳሪ ኮንቬንሽን ተመልሶ መጥቷል። ስለሆነም ከኋለኛው ሰነድ ተነሥቶ ወደ ቀደመው መሄድ ይሻላል። ብዙ ሰው ዘልሎት የሚያልፈው የኮንቬንሽኑ መግቢያ የሪዮን መግለጫ፣ ምዕራፍ 12ንና ውሳኔ 47/188ን እየጠራ መንገዱን ያሳያል።

የድምፅ አሰጣጡም መታየት አለበት። የዓለም የተፈጥሮ ቻርተር በ1982 የጸደቀው በ111 ድጋፍ፣ በአሜሪካ ተቃውሞና በ18 ድምፀ ተአቅቦ ነው፤ በሙሉ ድምፅ እንደጸደቀ አድርጎ መጥቀስ ስሕተት ነው።

ለሰፈራ ሠራተኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ1998 ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን የቀረበው ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጣው የመመሪያ መርሆዎች ሰነድ ነው። በመርሆ 6 መሠረት በአደጋ ጊዜ ሰዎችን ከቀያቸው ማንሣት ተገቢ የሚሆነው ደኅንነታቸውና ጤንነታቸው ሲያስገድድ ነው። መርሆ 7 ቤተሰብ እንዳይለያይ ያሳስባል፤ አስቸኳይ ሁኔታ ከሌለም የሚነሡት ሰዎች አውቀው እንዲፈቅዱ መጠየቅ እንዳለበት ይገልጻል። ድርቅ ቀስ በቀስ የሚመጣ አደጋ በመሆኑ «አስቸኳይ ነው» የሚለው ምክንያት እስከ የት እንደሚያስኬድ እዚህ ላይ በጥንቃቄ መመርመር ያሻል። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲዛወር፣ ሳይፈቅድ የተወሰደና ከቤተሰቡ የተለየ ብዙ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን መሰል ሰነድ የሚጠቅስ አቤት ባይ ሊኖር አይችልም ነበር።

መርሆዎቹ በ2009 በጸደቀው፣ ከዲሴምበር 6 ቀን 2012 ጀምሮ በጸና በአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ኮንቬንሽን መግቢያ ተጠቅሰዋል። መመሪያ የሚያረቅ ሹም ሁለቱን ጎን ለጎን ያንብብ፤ ኮንቬንሽኑን ላጸደቀ መንግሥት የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ምክር እንደሆነ በኅዳጉ ላይ ይጻፍ፤ የእያንዳንዱንም ሰነድ መለያ ቁጥርና ቀን ያስፍር።