ዶቃን በቤት መሥራት፦ የፖሊመር ክሌይ ትውውቅ

ኢሬቻ በደረሰ ቁጥር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች ላይ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጨሌ ደምቆ ይታያል። ጨሌውን የሚሰኩት እጆች የአገር ቤት ናቸው፤ ፍሬው ግን ለረጅም ዘመን በንግድ የሚገባ፣ ከቬኒስና ከቦሄሚያ የመጣ የመስታወት ዶቃ ነበር። ፍሬውን ራሱን እዚሁ መሥራት እንደሚቻል በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል ባለው በእንጦጦ ተራራ ታይቷል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እናቶች የጥይት ቀለህ አቅልጠው ዶቃ እየሠሩ እስከ አሜሪካ ገበያ አድርሰዋል። ብረት ማቅለጥ ለጀማሪ ከባድ ነው። ፖሊመር ክሌይ ግን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።

ፖሊመር ክሌይ አፈር የለበትም። የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት የፒቪሲ ዱቄት ከማለስለሻና ከቀለም ጋር ተለውሶ የሚዘጋጅ ሊጥ ነው። ፊሞ የተባለው ዓይነት ከጀርመናዊቷ አሻንጉሊት ሠሪ ከኬቴ ክሩዘ ቤት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኤበርሃርድ ፋበር ኩባንያ በኩል ለገበያ ቀረበ። የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ጭቃ እንዲጠነክር ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማያንስ እሳት ይፈልጋል፤ ለዚህኛው ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ይበቃዋል። እሳት እስኪያገኝ ድረስም አይደርቅም፤ ስለዚህ ጀማሪ ሳይቸኩል ደጋግሞ ማበጀት ይችላል።

ሥራው በማሸት ይጀምራል። ሊጡ በመዳፍ ሙቀት እስኪለሰልስና ሲታጠፍ መሰንጠቁን እስኪተው ይታሻል። ቀጥሎ በሴራሚክ ላይ እየተንከባለለ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ይሆናል፤ በማስመሪያ እየተለካ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ በምላጭ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ በሁለት መዳፍ መካከል ሲድበለበል 11 ሚሊ ሜትር ግድም ስፋት ያለው ዶቃ ይወጣዋል። 45 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም የአንገት ጌጥ 40 ያህሉ ይበቃል። መጠኑ ያልተመጣጠነ ዶቃ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ክር ላይ ሲገባ ያስታውቃል፤ ከቀለም በፊት ልኬት የሚባለው ለዚህ ነው። ሊጡን ለመቆጠብ ትልልቅ ዶቃዎችን በተጨመቀ የአሉሚኒየም ፎይል ላይ መለበጥ ይቻላል።

ቀዳዳው በአንድ ጊዜ ከተወጋ ዶቃው ይጨፈለቃል፤ መውጫው በኩልም ይቀደዳል። መርፌው እየተሽከረከረ ይገባል፤ ጫፉ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሊል ሲል ይወጣና ከዚያው ወገን ቀሪው ይበሳል።

የሥራው ቁልፍ ሙቀቱ ነው። ዶቃው በኤሌክትሪክ ኦቭን ውስጥ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል። የኦቭኑ ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት ስለሚለይ ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከ175 ዲግሪ ካለፈ ዶቃው ይጠቁራል፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝም ይወጣል። መቀቀልም አያዋጣም፦ ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ሥራው አይበላሽም፤ ሲመጣ እንደገና መጋገር ይቻላል። መስኮት ይከፈት፤ ለዚህ ሥራ የዋለ ቢላና ትሪ ደግሞ ወደ ምግብ አይመለስ።

በደንብ መብሰሉ የሚታወቀው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አብሮ የተጋገረ ስስ ቁራጭ ሲታጠፍ ከተለመጠ በስሏል፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ወደ ኦቭን ይመለሳል። የበሰለው በውሃ እየረጠበ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ይለሰልሳል።

ለጀማሪ የሚበጀው አንድ ቀለም ይዞ እኩል የሆኑ ዶቃዎችን ደጋግሞ መሥራት ነው። እጅ ልኬትን፣ ዓይንም ሙቀትን ከለመዱ በኋላ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሴቶች በጨሌ ያካበቱት የቀለም አሰላለፍ ጥበብ በራሳቸው ፍሬ ላይ ያርፋል፤ የሚሸጡትም ጌጥ ከፍሬው እስከ ቋጠሮው የእጃቸው ይሆናል።