የመምህርነት ዕድሜ፦ ከጥቁር ሰሌዳ እስከ ትምህርት ቤት አመራር

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህርነት ዕድሜ ልክ የሚያድጉበት ሙያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለመምህራን የሙያ ዕድገት መሠረት ጥሏል። አዲስ ተመዳቢ በጀማሪ መምህርነት ይጀምርና በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር ደረጃዎች ያልፋል። ዕድገቱን የሚወስኑት የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ምዘና ናቸው።

ጀማሪው ብቻውን አይተውም፤ ልምድ ያለው አማካሪ መምህር የትምህርት ዝግጅቱን ያይለታል፣ ክፍል ገብቶም አስተያየት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላም ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይቀጥላል።

ብዙዎች የትምህርት ክፍል ተጠሪ፣ ምክትል ርዕሰ መምህርና ርዕሰ መምህር ሆነው ወደ አመራር ይመጣሉ። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ በአንድ የጉድኝት ማዕከል የታቀፉ ትምህርት ቤቶችን ይደግፋል። የርዕሰ መምህሩ ሥራ በጀትና ቁጥጥር ብቻ አይደለም፤ መምህራንን ማብቃት፣ ወላጆችን ማሳተፍና ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ መከታተል ዋና ኃላፊነቱ ነው። ክፍልን በሚገባ የሚያውቅ መሪ የመምህሩን ችግር ሳይነገረው ይረዳል፤ ስለዚህ ጎበዝ መምህራንን ለአመራር ማዘጋጀት ለትምህርት ጥራት ወሳኝ ነው።