ፍሬኑን የሚለቅ መድኃኒት

ከጎጃም የመጣ የጭነት መኪና ሱሉልታን አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ፍሬን እምቢ ካለ ገደል ነው፤ ነክሶ ከቀረ ደግሞ መኪናው ሜዳ ላይም ንቅንቅ አይልም። የሰው ሰውነትም በሽታ የሚዋጉለትን ነጭ የደም ሴሎች የሚይዝበት ፍሬን አለው። ይህን ፍሬን መልቀቅ መቻሉ የካንሰርን ሕክምና ቀይሮታል።

ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በጀርም የተያዘ ወይም የተበላሸ ሴል ሲያገኙ ይገድላሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ግን መቆም አለባቸው፤ አለዚያ የገዛ አንጀትን፣ ሳንባንና ጉበትን ያጠቃሉ። ለዚህም በላያቸው ላይ ሲነኩ የሚያስቆሟቸው ፕሮቲኖች አሉ። ካንሰር ታዲያ ይህን ያውቅበታል። ሊገድለው የመጣውን ቲ ሴል ፍሬኑን ነክቶ አጠገቡ እንደደረሰ ያስቆመዋል።

ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ፒዲ-1 የተባለውን ፍሬን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 አገኘ። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ሌላው ፍሬን ሲታገድ የአይጦች ዕጢ እንደሚጠፋ አሳየ። ከዚህ የተገኘው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኢፒሊሙማብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

የእነዚህን ፍሬን የሚለቁ መድኃኒቶች ኃይል ዓለም ያየው ኢትዮጵያ በደንብ በምታውቃቸው ሰው ላይ ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1989 ደርግንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ያደራደሩ፣ ማዕከላቸውም በአማራ ክልል ትራኮማን ለዓመታት የተዋጋ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ጉበታቸውና አንጎላቸው ውስጥ መግባቱን ተናገሩ። አንጎላቸው ላይ አራት ነጠብጣቦች ታይተው ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና የፒዲ-1 ፍሬንን የሚያግደው ፔምብሮሊዙማብ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የካንሰሩ ምልክት አልታየም። ካርተር ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ነው።

ሁሉም ሕመምተኛ ግን እንደ ካርተር አይሆንም። ብዙዎች ላይ መድኃኒቱ አይሠራም፤ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የተለቀቁት ሴሎች ጤነኛውን አካል ያቆስላሉ። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ከሌሎች የሜላኖማ ዓይነቶች በላይ አዘውትሮ የሚታየው የውስጥ እግር ሜላኖማም ፀሐይ ከሚያመጣው ይልቅ ለዚህ ሕክምና እምብዛም አይበገርም።

ለእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ጉዳይ ነው። ከሰበታ በአየር ጤና ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በሚያልፍበት በዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሥጋ ደዌን፣ በኋላም ነቀርሳን የሚመረምረው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ቲቢ በብዙ ሰው ውስጥ ሳይታወቅ ተኝቶ ይኖራል፤ የሚጠብቁትም እነዚሁ ቲ ሴሎች ናቸው። ፍሬናቸው ቢለቀቅ ቲቢውን ይጨርሱታል ብሎ ማሰብ ይቀላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፒዲ-1 የሌላቸው አይጦች በቲቢ ቶሎ ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን በሚወስዱ የካንሰር ሕመምተኞችም ላይ ቲቢ ሲቀሰቀስ ታይቷል። ስለዚህ እዚህ አገር ሕክምናው ሲሰጥ የቲቢ ምርመራው መቅደም ይኖርበታል። በኤችአይቪም የደከሙ ቲ ሴሎች ፒዲ-1 እንደሚበዛባቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ ሆኖም ይህን ፍሬን ለኤችአይቪ የመልቀቅ ሙከራ ገና ወደ መደበኛ ሕክምና አላደገም።

ዋጋውስ? በአሜሪካ የፔምብሮሊዙማብ የዓመት ዋጋ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መድኃኒቱን ለተሰራጨ የማህፀን በር ካንሰር ጭምር አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዝርዝሩ ዋጋ አይቀንስም፤ መንግሥታት ተባብረው እንዲደራደሩ ግን በር ይከፍታል። ኢትዮጵያም በዚህ በር ልትገባ ይገባታል።

እስከዚያው ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ፣ ከሰበታ በአየር ጤና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ጠበል የሚጠመቅ ካለም፣ ጠበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ። ጡት ላይ እብጠት፣ ካረጡ በኋላ ደም መፍሰስ፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ እነዚህ ነገን አይጠብቁም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶችና እህቶች፣ በየአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ ስለ ማህፀን በር ምርመራ ጠይቁ። ባለሙያዋ ቦታውን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተጀመረ ለውጥ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ይታከማል።