መኪናችሁን ግቢ ውስጥ ራሳችሁ ልትቀቡ አስባችኋል? መጀመሪያ ይህን አንብቡ



ቪዲዮው ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ሰውየው ጣሳውን ይነቀንቃል፣ ሽው ሽው ያደርጋል፣ መኪናዋ አዲስ ትሆናለች። ጋራዥ የሚጠራላችሁን ዋጋ ስትሰሙ ደግሞ "ለምን ራሴ አልሞክርም?" ማለታችሁ አይቀርም።

እኛም ቤት እንደዚያው ነው የሆነው። የታላቅ ወንድሜ ጥቁር ኮሮላ ኮፈኗ ተላልጦ፣ ጫፉ ላይ ዝገት ጀምሮ ነበር። ሁለታችን ሆነን ክረምት ላይ ሞከርን፣ ተበላሸ። ድጋሚ ሞከርን፣ አሁንም ተበላሸ። በሦስተኛው ተሳካ። በሁለቱ ሙከራዎች የከሰርነውን ቀለምና ድካም እናንተ እንዳትከስሩ ነው ይህን የምጽፈው። ከብሩ በላይ ደግሞ ሳንባችሁን የሚመለከት ነገር ስላለ እሱን ሳታነቡ አትለፉ።

1. መጀመሪያ፦ መቀባት ያስፈልገዋል ወይ?

የመኪና ቀለም አንድ ነገር አይደለም። ከብረቱ ጀምሮ የዝገት መከላከያ፣ ፕራይመር፣ ቀለሙ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው እንደ መስታወት ያለ ንብርብር አለ። ሁሉም ተደምሮ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከሁለት የፀጉር ዘለላ ውፍረት ብዙ አይበልጥም ማለት ነው።

ጭረቱ ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉ። ጥፍሩ ካልያዘ ጭረቱ ያለው ክሊሩ ላይ ነው፤ ጥሩ ፖሊሽ ያስተካክለዋል፣ ቀለም አያስፈልግም። ጥፍራችሁን ከያዘ ወይም ነጭ፣ ግራጫ፣ ብረት ከታያችሁ ቀለም ያስፈልጋል። ክሊሩ እንደ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም።

2. ሙሉ መኪና አትንኩ

ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ፤ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ ወይም አንድ በር። ከዚያ በፊት ደግሞ ቆርቆሮ ወይም የተጣለ የመኪና ክፍል ፈልጉና እሱ ላይ ተለማመዱ። እጃችሁ ፍጥነቱን የሚለምደው እዚያ ነው።

ቀለሙም ይወስናል። ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር የመሳሰሉት ሜታሊክ ያልሆኑ ቀለሞች ለጀማሪ ይሻላሉ። ብርማ ሜታሊክ ግን ውስጡ ትናንሽ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች አሉት። እጃችሁ ትንሽ ከዘገየ ወይም ከፈጠነ ቅንጣቶቹ ሌላ አቅጣጫ ይዘው ይተኙና መኪናዋ እንደ ነብር ትዥጎረጎራለች። ፐርል ነጭ ደግሞ መሠረቱ ነጭ፣ መሐሉ ፐርል፣ ላዩ ክሊር ስለሆነ ባለሙያንም ያስቸግራል። ጥቁር ለመርጨት አያስቸግርም፤ ግን የተደበቀ ጉድፍ ሁሉ ያጋልጣል። ከወንድሜ መኪና ያየነው ይህንኑ ነው።

3. "ጥቁር ስጠኝ" አይባልም

ጥቁርም ነጭም ብዙ ዓይነት ነው። የመኪናችሁ የቀለም ኮድ መኪናዋ ላይ ተጽፏል። ቶዮታ ከሆነች በሹፌሩ በር አካባቢ ወይም ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ፈልጉ። የቀለሙና የውስጥ ልብሱ ኮድ ጎን ለጎን ነው ያለው። ለምሳሌ 040 ነጭ፣ 202 ጥቁር፣ 1ኤፍ7 ብርማ፣ 070 ፐርል ነጭ ነው። ሰሌዳውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ቀለም በኮድ ለሚቀምም ሱቅ አሳዩ።

አንድ ነገር ግን እወቁ፦ መኪናዋ ዓመታት ፀሐይ ላይ ቆይታ ከሆነ የደበዘዘው ቀለም ከኮዱ ጋር ልክ አይገጥምም። ሱቁ ሲቀምም የምታመሳስሉት ነገር ቢኖር ጥሩ ነው። የነዳጅ መክደኛውን በር ፈትቶ ይዞ መሄድ የቆየ ዘዴ ነው።

4. ይቺን አትዝለሉ፦ ሳንባ

የመኪና ቀለም በሁለት መንገድ ይደርቃል። አንደኛው ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ የሚደርቀው ነው። "ዱኮ" የሚል ስም ሰምታችሁ ከሆነ መነሻው ይህ ነው፤ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1920ዎቹ ያወጣው ፈጣን ቀለም ስም ነበር። ከዚያ በፊት አንድ መኪና ቀብቶ ለማድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የዚህ ዓይነት ቀለም ለመርጨት ይቀላል፤ ድክመቱ ግን ቤንዚን ወይም ቲነር ሲነካው መልሶ መሟሟቱ ነው።

ሁለተኛው ሃርድነር የሚቀላቀልበት ነው። ጠንካራ ነው፣ ያበራል፣ ቤንዚን አይፈራም። ጋራዦች የሚጠቀሙት ክሊር አብዛኛው ይህ ነው። ችግሩ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ሲረጭ በጭጋጉ ወደ ሳንባ ይገባና አስም ሊያመጣ ይችላል። በዓለም ዙሪያ የመኪና ቀቢዎች የሥራ በሽታ ተብሎ የሚታወቅ ነው። ይባስ ብሎ ሽታው አያስጠነቅቅም፤ "አልሸተተኝም" ማለት "አልተነፈስኩትም" ማለት አይደለም። ሰውነት አንዴ ከተቆጣው ደግሞ በኋላ በጣም ትንሹም ሊያስነሣበት ይችላል።

አፋቸው ላይ ጨርቅ ብቻ አስረው ሙሉ ቀን የሚረጩ ልጆች አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጨርቁም፣ የኮቪድ ጊዜው ማስክም ይህን አያቆምም። ባለሙያዎች ሃርድነር ሲረጩ የሚመከረው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚገባበት ጭንብል ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ይህ ስለማይኖራችሁ ምክሬ አጭር ነው፦ ቤት ውስጥ ሃርድነር ያለበት ነገር አትርጩ።

ሃርድነር የሌለውንም ስትረጩ ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ ለኬሚካል ትነትና ለብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ግዙ። ቡናማና ነጭ መስመር ያለበትን ማጣሪያ ጠይቁ። ጺም ካላችሁ ጭንብሉ አይገጥምም፤ ተላጩ። መነጽርና ጓንትም አትርሱ።

እሳትም አለ። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። በአቅራቢያ ከሰል ተያይዞ ቡና የሚፈላ ከሆነ ያ ቀን የቀለም ቀን አይደለም። ሲጋራም እንደዚያው።

5. ቦታና ሰዓት

የመጀመሪያው ሙከራችን የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ነበር፣ "ዝናቡ ሳይመጣ እንጨርስ" ብለን ረጨን። ጥቁሩ ቀለም ዓይናችን እያየ ነጣ፣ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ምክንያቱ ቲነሩ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ውኃው ቀለሙ ላይ ይጠልና ያነጣዋል። ስለዚህ ክረምት ላይ አትሞክሩት። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል።

ቀኑን በሙሉም አይሆንም። ሌሊት ጤዛ አለ፣ ቀትር ላይ ብረቱ ይግላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ሳይኖር ጥሩ ነው። ብረቱ ላይ እጃችሁን አስቀምጡ፤ የሚያቃጥል ከሆነ አትርጩ። አቧራ እንዳይነሣ ዙሪያውን መሬት ትንሽ ውኃ ርጩበት። የጎረቤት ልብስ ተሰጥቶ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የጎረቤት መኪናም ካለ ራቅ ይበል። የቀለም ጭጋግ ሩቅ ይሄዳል።

6. ዋናው ሥራ፦ ዝግጅት

መርጨቱ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ዝግጅቱ ግን ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይወስዳል። ቀለም ጉድፍ አይሸፍንም፣ ያጎላዋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ. በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ ከቀለም ሱቅ በሚገኝ የቅባት ማጽጃ ጥረጉ። ይህ ከመፈግፈግ በፊት ነው የሚሠራው፤ አለበለዚያ ቅባቱን በብርጭቆ ወረቀት ወደ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። በቤንዚን አትጥረጉ፣ እሱ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል።

ለ. ዝገት ካለ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ፈግፍጉ። ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ልብስ እንደ መደረብ ነው፤ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ብረቱ ከተበሳ ግን የእናንተ ሥራ አይደለም፣ ቀጥቃጭና ብየዳ ይፈልጋል።

ሐ. ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ስቱኮ በስሱ ቀቡ። ሲደርቅ በቁጥር 80፣ ቀጥሎ በ180፣ ከዚያ በ320 አስተካክሉ። ስቱኮ ውኃ ስለሚጠጣ በደረቁ ፈግፍጉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ እጅ ከዓይን ይልቅ ጉድፍ ያገኛል።

መ. ቀሪውን አሮጌ ቀለም በቁጥር 400 በውኃ እየፈገፈጋችሁ ማብራቱን አጥፉት። የሚያበራ ቦታ ከቀረ አዲሱ ቀለም አይይዝም። እጠቡና በደንብ አድርቁ።

ሠ. የማይቀባውን ሁሉ በወረቀትና በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑ። ጋዜጣ ብቻውን ቲነር ያሳልፋል፤ ደረብ አድርጉት ወይም ፌስታል ጨምሩበት።

ረ. ፕራይመር ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ርጩ። ሲደርቅ ሌላ ቀለም በጣም ስስ አድርጋችሁ እንደ ጭጋግ ጣል አድርጉበት፣ ከዚያ በቁጥር 600 በውኃ ፈግፍጉ። ጭጋጉ ያልለቀቀበት ቦታ ጎድጓዳ ነው ማለት ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙባት ቀላል ዘዴ ናት።

ፓራውልት ከሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር ካልቀደመ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

7. መርጨት

የመጨረሻውን የቅባት ማጽጃ አድርጉ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት አሻራ ቅባት ነው።

ጣሳ ከሆነ ውስጡ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ነቅንቁ። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቁ። ኮምፕሬሰርና ስፕሬይ ጋን ከሆነ ከ15 እስከ 20 ይበቃል። መርጨት የምትጀምሩት ከክፍሉ ውጭ ነው፤ አልፋችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ውጭ ላይ ታቆማላችሁ። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ሂዱ እንጂ እንደ ደጋን አታዙሩት። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ።

የመጀመሪያው ዙር ሥሩ የሚታይበት ስስ ይሁን። "ምንም አልሸፈነም" ብላችሁ እዚያው ከደረባችሁበት ይፈሳል። 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ድገሙ። ሦስት አራት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ሜታሊክ ያልሆነውንም ቢሆን በክሊር ከጨረሳችሁት ያበራል፤ ሃርድነር የሌለውን ክሊር ሁለት ሦስት ዙር ርጩ። ጣሳው ላይ የተጻፈው ሰዓት ከእኔ ምክር ይበልጣል።

8. ሲበላሽ

ከፈሰሰ፦ በጣታችሁ አትንኩት። በደንብ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ፈግፍጉና ድገሙ።

እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፦ ርቀቱ በዝቷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል። ሲደርቅ በቁጥር 1500፣ ከዚያ በ2000 በውኃ ፈግፍጋችሁ በፖሊሽ ማዳን ይቻላል።

ክብ ክብ ቀዳዳ ካወጣ፦ የኛ ሁለተኛ ሙከራ ይህ ነው። ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ሸሽቶ እንደ ዓሣ ዓይን ሆነ። ምክንያቱ ሲሊኮን ነበር። ወንድሜ ዳሽቦርድ የሚያበራበትን ቅባት በዚያው ጨርቅ ኮፈኑንም ይጠርገው ነበር። ሁሉንም ፈግፍገን፣ በአዲስ ጨርቅ ደጋግመን አጽድተን ነው የዳነው።

9. ከዚያስ?

ቴፑን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሡ። በእጅ ሲነካ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ለአንድ ሁለት ሳምንት አትጠቡት፣ ለአንድ ወር ሰም አትቀቡት። የተረፈ ቲነር ቱቦ ውስጥ አትድፉ።

ቀለሙን ወደ ሌላ ለመቀየር ካሰባችሁ ደግሞ ሊብሬያችሁ ላይ የመኪናዋ ቀለም እንደተጻፈ አስታውሱ። መጀመሪያ መኪናዋ ወደ ተመዘገበችበት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ ከማስረዳት ይቀላል።

በመጨረሻ፣ እኛ አሁን ብንጀምር የምናደርገውን ልንገራችሁ። ማጠቡን፣ መፈግፈጉን፣ ስቱኮውን፣ ፕራይመሩን ቤት እንሠራለን። የመጨረሻውን ቀለምና ክሊር ግን ትክክለኛ የቀለም ክፍልና ጭንብል ላለው ጋራዥ እንሰጣለን። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀው ላይ መርጨት የማይፈልግ አለ፣ የምትጠቀሙትንም ፕራይመር ራሱ ይንገራችሁ። ድካሙ ያለው ዝግጅቱ ላይ ስለሆነ ዋጋ ለመደራደር ያመቻል። ሳንባችሁም ይተርፋል።

የወንድሜ ኮፈን አሁን ደህና ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ አንድ ቦታ ላይ ትንኝ ተጣብቃ ቀርታለች፤ እሷን ትተናታል።

ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ቁጥር 4ን ላኩለት። ሞክራችሁ የተበላሸባችሁ ካላችሁ ደግሞ ፎቶውን ኮመንት ላይ አስቀምጡ፣ አብረን እንየው።