የሻንጣው መለያ እንዳይበጠስ

ከድሬ ዳዋ ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጅዳ ለምትሠራው ልጅ በርበሬና ሽሮ፣ አዲስ አበባ ለተዳረችው እህት ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ጨርቅ ይጫናል። በመልሱ ደግሞ ብርድ ልብሱ፣ የልጆቹ ጫማና ሽቶው ይመጣል። ሁለትና ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የምትመለስ እህታችን ያፈራችው ሀብት ብዙውን ጊዜ ያለው በዚያው በአንድ ወይም በሁለት ሻንጣ ውስጥ ነው። ያ ሻንጣ ከመቶ መሰሎቹ ተለይቶ ወደ እርሷ የሚደርሰው በመያዣው ላይ በታሰረች አንዲት ቁራጭ መለያ አማካይነት ነው። መለያዋ ተበጥሳ ከወደቀች ሻንጣው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

የሻንጣ መለያ የባቡር ዘመን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በካናዳ የሞንክተን ከተማ ነዋሪ የነበረው ጆን ላየንስ ለሁለት የሚከፈል ቲኬት አውጥቶ የፈጠራ መብት አገኘ። ታችኛው ግማሽ ለመንገደኛው ይሰጣል፤ ላይኛው ግማሽ በናስ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በጠፍር ከዕቃው ጋር ይታሰራል። ሰውየው ከጽሕፈቱ ይልቅ ስለ ማሰሪያው አጥብቆ ያሰበ ይመስላል። ከሃያ ዓመታት በኋላ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ደረሰና የድሬ ዳዋ ከተማ ከመንገደኛና ከዕቃ ጋር አብራ አደገች።

ዛሬ በአየር መንገድ የሚሰጠው መለያም በአሳቡ ያው የላየንስ ቲኬት ነው። የተጨመረበት ማሽን የሚያነባቸው ጥቋቁር መስመሮችና 10 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። በትልቁ የሚታዩት ሦስት የላቲን ፊደላት መድረሻውን ያመለክታሉ፤ የድሬ ዳዋ «ዲ አይ አር»፣ የአዲስ አበባ «ኤ ዲ ዲ»፣ የጅዳ «ጄ ኢ ዲ» ነው። ከድሬ ዳዋ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጅዳ የምትሄድ መንገደኛ ሻንጣዋ እስከ መጨረሻው የተላከ ወይስ ቦሌ ላይ የሚወርድ መሆኑን ከሠራተኛው ጠይቃ ፊደሎቹን ብታመሳክር ጥሩ ነው። የላቲን ፊደል የማታነብ እናት ብትሆንም ልጆቿ በወረቀት ጽፈው ቢሰጧት ማስተያየት አያቅታትም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኤሌክትሮኒክ መለያ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪሞዋ የተባለው የጀርመን ሻንጣ ሠሪ ኩባንያ ከሉፍታንዛ ጋር ሆኖ መለያውን በሻንጣው ገላ ላይ ሠርቶ አቀረበ። የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለ የሚበጠስም የለም። በ2022 የአሜሪካው አላስካ አየር መንገድ ያስተዋወቀው ግን እንደ ወረቀቱ የሚታሰር ሰሌዳ ነው። መንገደኛው የእጅ ስልኩን ሲያስጠጋው መስመሮቹ በሰሌዳው ላይ ይታያሉ። ኃይሉን የሚወስደው ከስልኩ በመሆኑ ባትሪ የለውም፤ ሥዕሉም ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ አይጠፋም። ይህን ሁሉ ጥበብ ከሻንጣው ጋር የሚያገናኘው ጠንካራ የላስቲክ ማሰሪያ መሆኑ ያስደንቃል። ሲወጣ ዋጋው 70 ዶላር ገደማ ነበርና በእኔ ግምት ከብዙዎቻችን ሻንጣ ይበልጣል። አፕል በ2021 ያወጣችው የዕቃ መፈለጊያ ቁልፍ ደግሞ ጭራሽ ማሰሪያ የሚገባበት ቀዳዳ የላትም፤ ማንጠልጠያዋ ለብቻው ይገዛል።

ማሰሪያው ለምን ይበጠሳል? ሻንጣ በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ሲሄድ፣ ከቀበቶ ወደ ቀበቶ ሲወረወርና በጋሪ ላይ ሲደራረብ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይያዛል። ረጅም ቀለበት ይጠለፋል፣ የቆዳ ዘለበትም ይፈታል። በመሆኑም መለያ አጭር ሆኖ ከሻንጣው ጋር ተኝቶ መታሰር አለበት። የሚታሰረውም በማይነቃነቀው የጎን መያዣ እንጂ በሚሳበው ዘንግ ወይም በዚፕ ጫፍ ላይ አይደለም።

የአየር መንገዱ ወረቀት እንዳለ ሆኖ ሁለተኛ መለያ በቤት መሥራት ይቻላል። ከአሮጌ ጂንስ ወይም ከሸራ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይቆረጥና ዳርና ዳሩ ይታጠፍ። በማይለቅ ቀለም ስምና የስልክ ቁጥር ይጻፍበት፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ በቁጥሩ ፊት 251 ይግባ። ሙሉ የቤት አድራሻ መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን ለማያውቁት ሰው መንገር ይሆናል። ከዚያ ቁራጩ በመያዣው ላይ ተጠቅልሎ በወፍራም ክር በድርቡ ይሰፋ። መያዣ የሌለው የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ በቀጥታ በገላው ላይ በወስፌ ይሰፋ። ያው ስምና ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከዕቃው ሁሉ በላይ፣ በሻንጣው ውስጥ ይቀመጥ፤ የውጭው ቢጠፋ ሻንጣውን የሚከፍቱት ሠራተኞች ያገኙታል። ካለፈው ጉዞ የቀረ የወረቀት መለያ ደግሞ ሳይነሣ አይጓዙ፤ ማሽኑ አሮጌውን ሊያነብ ይችላል።

በመነሻው ላይ የምትሰጠውን ትንሿን ደረሰኝ ዕቃዎን ተረክበው ቤት እስኪገቡ አይጣሏት። ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ያስመዝግቡ። በዓለም አቀፍ በረራ የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት እንደሚለው፣ የተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ የደረሰ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤቱታ ሊቀርብበት ይገባል። መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ያለፈው ሻንጣ እንደጠፋ ተቆጥሮ ካሣ ሊጠየቅበት ይቻላል።